«ናሙና» ወይስ «ቅንጭብ»? በመሣሪያ ብቻ ስለሚቀነባበረው ሂፕ ሆፕ ስያሜዎች

«ሳምፕል» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል በስታቲስቲክስ፣ በሕክምናና በንግድ «ናሙና» ተብሎ ሲተረጎም ቆይቷል፤ ተገቢም ነው። ወደ ሙዚቃ ሲሻገር ግን ይኸው ትርጉም ስለሚያሳስት፣ ያለ ዘፈን በመሣሪያ ድምፅ ብቻ የሚቀነባበረውን ሂፕ ሆፕ መነሻ አድርገን ስያሜውን እንመረምራለን።

በዚህ የሙዚቃ ዓይነት አቀናባሪው ከቀድሞ ሸክላ ጥቂት ሰከንድ የሚቆይ ድምፅ ቆርጦ ይወስዳል፤ ፍጥነቱን ይለውጣል፤ ደጋግሞ እያዞረ የከበሮ ምት ያክልበታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤስፒ-1200 የተባለው መሣሪያ ሊይዝ የሚችለው የ10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። ስለሆነም ባለሙያዎቹ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ45 ፍጥነት አጫውተው ይቀዱና በመሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። የዘመኑ ሻካራ ድምፅ በከፊል የዚህ ቁጠባ ውጤት ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። አሜሪካዊው አቀናባሪ ኦ ኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው «ዶክተር ኖዝ ኢትዮፒየም» ከቀድሞ የኢትዮጵያ ሸክላዎች በተወሰዱ ድምፆች የተሠራ ነው። በማግሥቱ ዓመት ናስና ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» በተባለው ዘፈናቸው የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ተጠቅመዋል።

እንግዲህ የተወሰደው ድምፅ ምን ይባል? «ናሙና» ሙሉውን የሚወክል ጥቂት ነው፤ ከጆንያ የተዘገነ ጤፍ ስለ ጆንያው ይመሰክራል። ከሸክላ የተወሰደው ድምፅ ግን የአዲስ ሥራ አካል ይሆናል እንጂ ስለ ሸክላው አይመሰክርም።

«ጥቅስ» ይቀርባል፤ ነገር ግን ጠቃሽ የሌላውን ቃል የሚደግመው በራሱ አንደበት ነው። ለዚህ የድጓው ምልክት ምሳሌ ይሆነናል። በደብረ ወርቅና በመሳሰሉት የምሥራቅ ጎጃም ጥንታውያን አድባራት ዜማ የሚማር ተማሪ ከንባቡ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ፊደላት ሲያይ፣ ፊደላቱ ከተወሰዱበት ንባብ የሚያውቀውን ዜማ አምጥቶ በራሱ ድምፅ ያዜመዋል። የሚሻገረው ዜማው ብቻ ነው። በሂፕ ሆፕ ግን የሚሻገረው የተቀዳው ድምፅ ራሱ ነው፤ የነፊው ትንፋሽና የሸክላው ኮሽታ ሳይቀር።

ልዩነቱ በውል ላይ ይታያል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው መብት ሌላ ለከዋኞችና የድምፅ ቅጂውን ላዘጋጁትም መብት ይሰጣል። ተርጓሚ በውሉ ላይ «ናሙና» ብሎ ቢጽፍ፣ ባለመብቱ ድምፁን አሳልፎ መስጠቱን ሳይረዳ ለቅምሻ ያህል የፈቀደ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

ቅንጭብ፦ ከተቀዳ ድምፅ ተቆርጦ በአዲስ ቅንብር የገባ ክፍል። «ከመጽሐፍ የተቀነጨበ» እንደምንል ነው። ቃሉ የአጥር ተክል ስምም እንደ ሆነ አልዘነጋንም፤ ዐውዱ ይለያቸዋል።

መቀንጨቢያ፦ ቅንጭብ የሚቀዳበትና የሚለወጥበት መሣሪያ።

ዙር፦ ሳይቋረጥ እየተመላለሰ የሚሰማ ቅንጭብ። «ድግግሞሽ» በፊዚክስ ሌላ ፍቺ ስለ ያዘ አልመረጥነውም።

ቢት፦ ተጠናቅቆ የቀረበ የመሣሪያ ቅንብር። «ምት» የነጠላው ምት ስም ሆኖ እንዲቆይ፣ በባለሙያዎች አንደበት የሰረጸውን የውሰት ቃል መቀበል ይሻላል።

ተርጓሚዎች ቃላቱን በሥራ ላይ ፈትነው አስተያየታቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን።