ሃያ ሁለት ካሊበር፤ የዒላማ ልምምድ ሽጉጥ አመራረጥ

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከመድረሱ በፊት ከባሕር ዳርቻ ወደ መሀል አገር የሚገባው ጠመንጃ የሚጓዘው በግመል ነበር። ሐረር ላይ የኖረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ያደረሰው በ1879 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ሲመጣ ግመሉ ዐረፈ፤ ጭነቱ ግን ቀጠለ። ስናድር፣ ውጅግራ፣ አልቤን፣ ለበን፣ ምንሽር እየተባለ በየስሙ የሚጠራው ያ ሁሉ ጠመንጃ የተሠራው ለጦርነት ስለሆነ የሚመዘነውም ከሩቅ መትቶ በመጣሉ ነበር። ያ ሚዛን ዛሬም አልለቀቀንም። ጥሩ መሣሪያ የቱ እንደሆነ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው ትልቁንና በደንብ የሚጮኸውን ያሳያችኋል።

ወረቀት ላይ የተሣለ ክብ ለመምታት የሚለማመድ ሰው ይህን ሚዛን መገልበጥ አለበት። ለእሱ የሚበጀው ትንሹ፣ ርካሹና ረጋ ያለው ነው፤ ሃያ ሁለት ካሊበር የሚባለው። እርሳሱ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወፍር ከተራ የመጻፊያ እርሳስ ይቀጥናል። ጥይቱ ከነቀለሁ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የሚወረወረው እርሳስ የሚመዝነው 2.6 ግራም ገደማ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት እርሳስ ወደ 8 ግራም ይጠጋል። ብሔራዊ ውትድርና ላይ ተኩስ የተማረ ሰው ይህችን ጥይት መዳፉ ላይ ብታስቀምጡለት ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። በተለመደው ጥይት ግርጌ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ካፕሱል አለች፤ መርፌው እሷን ሲመታ ባሩዱ ይቀጣጠላል። ሃያ ሁለት ላይ ካፕሱል አታገኙም። አቀጣጣዩ ንጥረ ነገር ገና በፋብሪካ ቀለሁ እየተሽከረከረ ግርጌው ዙሪያ ባለው ስስ ጠርዝ ውስጥ እንዲሠራጭ ይደረጋል። መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው፤ ጠርዙ ሲጨፈለቅ እሳቱ ይነሣል። በሙያው ሪምፋየር የሚሉት ይህን ነው። የተተኮሰ ቀለህ አንሥታችሁ ብታዩ ጠርዙ ላይ አንዲት የተጨፈለቀች ምልክት ታገኛላችሁ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው መሣሪያ ሠሪ ፍሎቤር እ.ኤ.አ. በ1845 ገደማ ሀብታሞች ሳሎናቸው ውስጥ ዒላማ እየመቱ እንዲዝናኑበት ነው የጀመረው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 ሽጉጥ ሠራለት፤ በ1887 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ስቲቨንስ የተባለው ኩባንያ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚተኩሰውን፣ ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ጥይት አወጣ። እስካሁን መልኩን ብዙም አልቀየረም።

አሠራሩ ቀላል መሆኑ ርካሽ አድርጎታል። ሽጉጥ ሊገዛ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሽጉጡን ዋጋ ይከራከራል፣ የጥይቱን ይረሳዋል። ለልምምድ የሚገዛ ሽጉጥ ግን ጥይት ይበላል። በሳምንት ሁለት ፓኬት፣ ማለትም መቶ ጥይት፣ የሚተኩስ ሰው በዓመት አምስት ሺህ ያልፋል። የሃያ ሁለት ጥይት መደበኛ ገበያ ባለበት አገር የ9 ሚሊ ሜትሩን ሲሶ ያህል ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ሽጉጡ ራሱ ጥቂት ቢወደድም በመጀመሪያው ዓመት ልዩነቱን ይመልሳል።

ሌላው ትርፍ ገንዘብ የማይገዛው ነው። ትልቅ ሽጉጥ ሲራገጥና ሲጮህ ጀማሪ ምላጩን ሳይስብ ቀድሞ ይደነግጣል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ልማድ አንዴ ከያዘ መላቀቁ ከባድ ነው። ሃያ ሁለት እጅን ስለማያስደነግጥ ሰውየው ጥፋቱን ያያል። ጥይቱ ግራ ከሄደ ምላጩን ወደ ጎን ስቦ ይሆናል፤ ዝቅ ካለ እጁን አውርዶ ይሆናል። ያም ሆኖ ድምፁ ጆሮ ይጎዳልና የጆሮ መሸፈኛና የዓይን መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው።

እንግዲህ የቱ ይገዛ? ውጭ አገር የተኩስ ክለብ የገቡ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ያነሣሉ። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ምላጩን፣ ቀጥሎ ማነጣጠሪያውን፣ ከዚያ እጀታውን ተመልከቱ እላለሁ። ምላጩ ሳይንገራገጭ፣ ባልተጠበቀ ሰዓት ማለት ይቻላል፣ ለቀቅ የሚል መሆን አለበት። የኋላው ማነጣጠሪያ በብሎን ወደ ላይና ወደ ጎን የሚስተካከል ካልሆነ ለዒላማ የተሠራ አይደለም። እጀታው ደግሞ የእናንተን መዳፍ ይሙላ፤ የጓደኛችሁን መዳፍ መሙላቱ አይጠቅማችሁም። መልክ፣ ቀለም፣ የጦር ሽጉጥ መምሰሉ የመጨረሻ ጉዳይ ነው።

በዚህ ሚዛን ስሙ ቶሎ የሚነሣው ሩገር ነው። ቢል ሩገርና አሌክሳንደር ስተርም እ.ኤ.አ. በ1949 የመጀመሪያ ሽጉጣቸውን በ37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ አቀረቡ፤ ኩባንያው የቆመው በእሷ ነው። የልጅ ልጇ ማርክ 4 በ2016 ስትወጣ የቀድሞዎቹን ትልቅ ጣጣ አስቀረች። የድሮዎቹን ፈትቶ መግጠም ፈተና ነበር፤ ይህችኛዋ አንድ ቁልፍ ሲጫኑላት ትከፈታለች። ከ1985 ጀምሮ ያለው ብራውኒንግ በክ ማርክ የእሷ እኩያ ነው፤ ምላጩን ብዙዎች ይወዱለታል። ዋልተር ፒ22፣ ሩገር ኤስአር22 እና ታውረስ ቲኤክስ22 ቀለልና ረከስ ይላሉ፤ ለጀማሪ አያንሱም፤ ውጤት ሲጠበብ ግን ከባድ በርሜል ያላቸው ይበልጣሉ። የውድድር ሽጉጥ የሚባሉት የጣሊያንና የጀርመን ሥራዎች በሺዎች ዶላር ስለሚሸጡ ለአሁኑ ይቆዩ።

አንድ ሽጉጥ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣው የማርጎሊን ሽጉጥ ከርካሽ የዒላማ ሽጉጦች መካከል የተከበረ ነው። የሠራው ሚካኤል ማርጎሊን ዓይነ ስውር ነበር። በወጣትነቱ በጥይት ቆስሎ ብርሃኑን ካጣ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል በእጁ እየዳበሰ ነው የነደፈው። እጀታው ሲጨበጥ ይህ አይገርምም።

ሃያ ሁለት እንከን የለውም አይባልም። አቀጣጣዩ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተሠራጨ መርፌው ባዶ ቦታ ይመታና ጥይቱ ይከሽፋል። ይህ ሲሆን አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሡ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው፤ ዘግይቶ የሚነሣ አለና። እርሳሱ አብዛኛውን ጊዜ ሰም ወይም ቅባት የተቀባ ነው። እንደ ድሬ ዳዋ ባለ ሙቀት ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ የተረሳ ፓኬት ቅባቱ ይለሰልሳል፤ አቧራና አሸዋ ይይዛል፤ ያ አሸዋ ተመልሶ ካዝናና በርሜል ውስጥ ይገባል። ሽጉጡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ይነክሳል ተብሎ የሚሰደበው በዚህ ምክንያት ነው። ጥይቱን ጥላ ውስጥ ማኖር፣ ከተኩስ በኋላ ሽጉጡን መጥረግና እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል። እጅ የሚታጠበው እርሳስ መርዝ ስለሆነ ነው።

ትንሽነቷ ግን ማንንም አያታልል። ይህች ጥይት ሰው ትገድላለች፤ አፈሙዙ ቀና ካለ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልትበር ትችላለች። ስለዚህ በበጋ ደረቅ ስለሆነ ብቻ የድሬ ዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የተኩስ ሜዳ አይሆንም፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ከዒላማው ጀርባ ጥይቱን የሚውጥ የአፈር ክምር ወይም ግድብ የሌለበት ቦታ ሁሉ ለተኩስ አይሆንም። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ መተኮስ ደግሞ ባህል ነው ቢባልም እኔ የምለው ነውር ነው፤ የወጣው እርሳስ ተመልሶ ይወርዳል።

በአገራችን ከሁሉ በፊት የሚመጣው ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ማስገባትና መሸጥ ወንጀል ነው፤ ካሊበሩ ማነሱ ነፃ አያወጣም። ቁጥጥሩ በፌዴራል ፖሊስ እጅ ነው። መጠየቅ የሚገባውም እሱን ነው፤ ከመግዛት በፊት እንጂ ከገዙ በኋላ አይደለም። ሻጭ ፈቃዱን እናስተካክላለን ካለ ትቶ መሄድ ነው።

የዓድዋ ድል በተገኘ አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ በአቴንስ የተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ላይ ተኩስ አንዱ ውድድር ነበር። ዛሬ ሴቶች በ25 ሜትር ርቀት የሚወዳደሩት በዚችው ሃያ ሁለት ነው፤ በጥንቃቄ በሚተኮሰው ዙር የዒላማው መሀል ነጥብ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በኦሊምፒክ የእኛ ስም የሚነሣው በሩጫ ነው፤ ይሁንና በዚህ ስፖርት ቁመት፣ ጉልበትና ዕድሜ የሚወስኑት ነገር ጥቂት ነው። ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች ቀኝ እጁን ቦምብ ቀምቶት በግራ እጁ ተለማምዶ እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1952 ወርቅ ወስዷል።

ባሩድ የሌለው መጀመሪያም አለ። የአየር ሽጉጥ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ በተጨመቀ አየር ይወረውራል፤ ውድድሩ በ10 ሜትር ነው፤ አንድ ረዘም ያለ አዳራሽና ጥሩ የኋላ ግድግዳ ይበቃዋል። ምላጭ አሳሳብን፣ ትንፋሽ አያያዝን፣ ማነጣጠርን ያው አድርጎ ያስተምራል። የድሬ ዳዋ ስፖርት ኃላፊዎች ከፖሊስ ጋር ተነጋግረው በፈቃድና በአሠልጣኝ የሚመራ አንድ የ10 ሜትር አዳራሽ ቢጀምሩ፣ ሃያ ሁለት የሚገዛ ሰው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።