የወለጋ ነጋዴና የዓለም ገበያ

የዓለም ገበያ ለወለጋ ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ነጋዴዎች ቡናና ሰም ለውጭ አገር ሲያቀርቡ፣ ጨርቅና ጨው ከውጭ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። አሁን የተለወጠው ገበያው ከነጋዴው የሚጠይቀው ዕውቀት ነው፤ ይኸውም ምን እንደሆነ ከዚህ ቀጥለን ለማስረዳት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተመሠረተ። ከሰዮና ከጎሬ በጭነት ከብትና በሰው ሸክም የወረደው ቡና በዚያ በመርከብ እየተጫነ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ መርከቡም ሲመለስ አቡጀዲና ጨው ያመጣ ነበር። ይሁን እንጂ ባሮ መርከብ የሚያስኬደው በክረምት ውሃው ሲሞላ ብቻ ስለሆነ፣ ቡናውን በጊዜው ያላደረሰ ነጋዴ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ገንዘቡ በጆንያ እንደታሰረ ይቀመጥበት ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰና በኋላም የመኪና መንገድ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ ወዲህ ግን ንግዱ እያደር ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የቀድሞው ሞቅታ ግን አብሮ አልተመለሰም።

የዚያ ዘመን ነጋዴ የካርቱምን ዋጋና የወንዙን ሙላት ካወቀ ይበቃው ነበር። የዛሬው ኒውዮርክን ማወቅ ግዴታው ነው። በኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ የሚነገረው በፓውንድ ሲሆን፣ እኛ የምንገበያየው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ነው፤ አንድ ፈረሱላም 37 ፓውንድ ተኩል ያህል ይመዝናል። ስለዚህ የፓውንዱ ዋጋ በ10 የአሜሪካን ሳንቲም ቢወርድ፣ ከአንድ ፈረሱላ የተጣራ ቡና ላይ 3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ጎደለ ማለት ነው። በጀንፈል የሚገዛ ሰው ደግሞ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ እንደሚቀር ማሰብ ይገባዋል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ሳያሰሉ፣ ጎረቤት በገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ እየጨመሩ የሚሽቀዳደሙ ጥቂቶች አይደሉም።

በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለየአገሩ የሽያጭ ኮታ እየመደበ ዋጋውን ደግፎ ይዞ ነበር። በ1989 ኮታው ሲቀር ገበያው ልጓሙ እንደወለቀ ፈረስ ሆነ። ቬትናም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛዋ የዓለም ቡና አምራች ስትሆን፣ ዋጋው በ2001 መጨረሻ ገደማ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ፤ ይህም በፈረሱላ 19 ዶላር እንኳ አይሞላም። በፌብሩዋሪ 2025 ግን የብራዚል ድርቅ ባስከተለው እጥረት ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፤ በፈረሱላ ከ150 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። እንግዲህ በጊምቢ ዝናቡም ለቀማውም መልካም ሆኖ ሳለ ዋጋው ድንገት የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም በብራዚል ዝናብ ስለጣለ ሊሆን ይችላል።

ስለ ምንዛሪም ጥቂት እንበል። የብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀደም ሲል ቡናን በኪሳራ ልኮ፣ በተገኘው ዶላር ቆርቆሮና መለዋወጫ አስመጥቶ በትርፉ ማካካስ በአገራችን የተለመደ ዘዴ ነበር። የባንኩና የውጭው ምንዛሪ ሲቀራረብ ግን የዚህ ዘዴ ጥቅም ጠበበ። ቡናው ራሱ ማትረፍ አለበት። ባለሱቁም ቢሆን በዱቤ የሰጠውን ዕቃ በአሮጌው ዋጋ ሰብስቦ በአዲሱ ሲተካ ጉድለቱን ያየው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የኤውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች አይገባም። አስመጪውም ቡናው የበቀለበትን ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ ለይቶ ማስታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። አብዛኛው የወለጋ ገበሬ ማሳው ትንሽ ስለሆነ ነጥቡን መውሰድ በእጅ ስልክ የሚቻል ሥራ ነው። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰብሳቢው የሃያ ገበሬ ጀንፈል በአንድ ክምር ቢቀላቅል፣ አቅራቢውም የአምስት ሰብሳቢ ክምር ቢያገናኝ፣ ማሳው ያልታወቀ አንድ ጆንያ መቶውን ያበላሻል።

ይህ መቀላቀል የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ክፍያው በማግስቱ መድረሱ ለአቅራቢው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዳሩ ግን ቡናው በደረጃው ተመድቦ ከመጋዘን ሲወጣ የማን ማሳ ፍሬ እንደነበረ አይታወቅም ነበር። በ2017 የወጣው የቡና አዋጅ ይህን አሠራር ለማላላት ረዳ። ልማዱ ግን ከአዋጁ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው።

የወለጋ ቡና የሚያስቆጭ ሌላ ታሪክ አለው። ከተማይቱ ዛሬ ነቀምቴ ብትባልም፣ የውጭ ገዢ ቡናዋን ለቀምፕቲ እያለ የሚጠራው አባቶች ለቀምት ይሏት በነበረው ስሟ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ጣዕሙም የፍራፍሬ ቃና ያለው መሆኑን የቡና ቀማሾች ያውቁታል። ነገር ግን መንግሥት በ2005 የቡና ስሞችን በአሜሪካን አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ ያቀረባቸው ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ ነበሩ፤ ለቀምፕቲ ከሦስቱ መካከል አልነበረችም። ማሳውን ለይቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ደንቡን ከመፈጸሙም በላይ ይህን ስም በራሱ መዝገብ ሊያስከብር ይችላል ብለን እናምናለን።

መዝገቡም ብዙ ወጪ አያስከትልም። የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ የማሳው ነጥብና ስፋት፣ የተረከቡት ኪሎና ቀኑ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ በጆንያው አፍም ተመሳሳይ ቁጥር ይታሰራል። ከግማሽ ሄክታር ማሳ 20 ኩንታል የተጣራ ቡና ተገኘ የሚል መዝገብ ማንም ፈታሽ አያምነውምና፣ ስፋቱና ኪሎው ይመሳከሩ። የጥላ ዛፍ መቁረጥም ከሳተላይት ሲታይ እንደ ምንጣሮ ተቆጥሮ ጥያቄ ሊያስነሣ እንደሚችል ለገበሬው መንገር የነጋዴው ፋንታ ነው። ጆንያውም ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም፤ ጃፓን በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ የጸረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘሁ ባለች ጊዜ የተጠረጠረው ማሸጊያው ጆንያ ነበር፤ የዚያም ገበያ ሽያጭ በእጅጉ ቀንሶ ነበር።

ደንቡ የሚፈጸምበት ቀን ሁለት ጊዜ ተላልፎ፣ ለትላልቆቹ ድርጅቶች በመጨረሻ የተቆረጠው ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ነው። በወለጋ ለቀማው የሚጀመረው በጥቅምት ገደማ ሲሆን፣ ጀንፈሉ ደርቆ፣ ተፈልፍሎና ተጓጉዞ ከኤውሮፓ ወደብ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ በዚያ ዓመት በጥቅምት የሚለቀመው ቡና ወደቡ ላይ የሚፈተሸው በአዲሱ ደንብ ነው፤ ማሳውም መመዝገብ ያለበት ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ነው።