በቪፒኤን የሚያልፈውና በቀጥታ የሚሄደው

ቪፒኤን የሚባለው በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ፣ በምሥጢር ቁልፍ የተዘጋ የግል መሥመር ነው። ይህን መሥመር ስትከፍቱ ከኮምፒዩተራችሁ የሚወጣው መልእክት ታሽጎ በመጀመሪያ ወደ ቪፒኤኑ ሰርቨር ይደርሳል፤ በዚያም ተፈትቶ ወደ መድረሻው ይላካል። በመካከል ያለው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት እሽጉ ማለፉን ያያል እንጂ ውስጡን አያነብም።

ሆኖም ሁሉንም ነገር በአንድ መሥመር ማሳለፍ ጭነት ያስከትላል። በቤቱ ተቀምጦ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። መዝገቦቹ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የሚገኙ ስለ ሆኑ በቪፒኤን ሊከፍታቸው ይገባል። ነገር ግን በዕረፍት ጊዜው ፊልም ቢመለከት ፊልሙ አስቀድሞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገብቶ፣ በዚያ ታሽጎ፣ እንደገና ወደ ቤቱ ይላካል፤ ያለ አንዳች ጥቅም ረጅም መንገድ ተጓዘ ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ብዙውን ሠራተኛ ከየቤቱ እንዲሠራ ባስገደደ ጊዜ፣ ማይክሮሶፍት የስብሰባው ድምፅና ምስል ከቪፒኤን ውጭ በቀጥታ እንዲሄድ ያደርጉ ዘንድ ደንበኞቹን የመከረው ስለዚህ ነው።

መንገዱን የሚለየው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የመንገድ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መልእክት የመድረሻ አድራሻ አለው፤ በሠንጠረዡ ከተጻፉት ትእዛዞች መካከል ያን አድራሻ ከሚያካትቱት ይበልጥ ጠባብ የሆነው ይፈጸማል። ለምሳሌ ዋየርጋርድ በተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም፣ በተፈቀዱት አድራሻዎች ስፍራ 10.0.0.0/8 ብቻ ብትጽፉ በ10 የሚጀምሩት አድራሻዎች በቪፒኤን ያልፋሉ፤ 0.0.0.0/0 ብትጽፉ ግን የአይፒ 4 አድራሻዎች በሙሉ ይጠቃለላሉ። አይፒ 6 የተባለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት በዚህ አይጨመርም፤ ለብቻው ካልተጻፈ በቀጥታ ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ መንገዱን ለሁለት ከመክፈላችሁ በፊት ልትጠይቁት የሚገባው፣ «በዝርዝሩ ሳይጻፍ የተረሳው በየትኛው በኩል ይሄዳል?» የሚለውን ነው። በቪፒኤን የሚያልፈውን ብቻ ብትዘረዝሩ የተረሳው ሁሉ በቀጥታ ይወጣል። ይህ ለሒሳብ ሠራተኛው አይከፋም። የዜና ምንጩን መሰወር ለሚገባው ጋዜጠኛ ግን አደገኛ ነው፤ እርሱ በቀጥታ የሚሄዱትን ጥቂቶች ዘርዝሮ የቀረውን ሁሉ ቢያሽግ፣ ይልቁንም ጨርሶ ባይከፍል ይሻለዋል።

ከሚረሱት ዋነኛው የስም ጥያቄ ነው። ኮምፒዩተሩ ወደ አንድ ስፍራ ከመሄዱ አስቀድሞ የስፍራውን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥለትን የዲኤንኤስ ሰርቨር ይጠይቃል። መልእክቱ በቪፒኤን ቢያልፍም ጥያቄው በግልጽ ከወጣ፣ የተባለው ነገር ባይታወቅም ከማን ጋር እንደ ተነጋገራችሁ ይታወቃል። ደብዳቤን በሰም አሽጎ የተቀባዩን ቤት በየደጁ እየጠየቁ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ ምሥጢር በሚፈለግበት ሥራ የዲኤንኤሱ ሰርቨር አድራሻም በቪፒኤን በሚያልፉት ዝርዝር ውስጥ ይገባል።