ጨረቃውን የተቀማው ተኩላ

ሰው-ተኩላን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከፊልም ነው። ቀን ቀን ሰላማዊ ሰው ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ጸጉር ያበቅላል፣ ጥርሱ ይሾላል፣ ያገኘውን ይዘነጥላል። (ሙሉ ጨረቃን ከነገሩ ጋር አጥብቆ ያሰረው ከጥንቱ የአውሮፓ ተረት ይልቅ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው የሆሊውድ ሲኒማ ነው።) ጃፓናዊው ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ ግን ታሪኩን ገለበጠውና አሳቀበት።

እ.ኤ.አ. በ2024 በ68 ዓመቱ ያረፈው ቶሪያማ ይበልጥ የሚታወቀው ከ1984 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. በሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ባወጣው «ድራገን ቦል» ነው። ሥራው ተሰብስቦ 42 ቅጽ ሆኗል። ልጅ ያሳደገ አንባቢ ቢያንስ ካርቱኑን ሳያውቀው አይቀርም። ጎኩ የሚባል ጅራታም ብላቴና፣ ምኞት የሚፈጽሙ ሰባት ኳሶች፣ በየመሃሉ ደግሞ ታላላቅ የፍልሚያ ውድድሮች... ተኩላችን ብቅ የሚለው ከእነዚህ ውድድሮች በአንዱ፣ ያውም ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነው።

ቀልዱ እንዲገባን ግን አንድ ውድድር ወደ ኋላ እንመለስ። በፍጻሜው ጎኩ የሚገጥመው ጃኪ ቹን ነኝ የሚል ሽማግሌ ነው። ሰውየው በእርግጥ የጎኩ የራሱ መምህር ሮሺ ነው፤ ተማሪዎቹ ገና በልጅነታቸው አሸንፈው እንዳይታበዩ ብሎ ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቆ የገባ። ፍልሚያው ሲጦፍ ሙሉ ጨረቃ ትወጣለች። ጎኩ ቀና ብሎ ሲያያት ግዙፍ ዝንጀሮ ይሆንና መድረኩን ማፈራረስ ይጀምራል። ሽማግሌው አቅሙን አሰባስቦ ከእጁ የኃይል ጨረር ይተኩሳል፤ ጨረቃዋን ከሰማይ ያጠፋታል! ዝንጀሮው ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፣ ፍልሚያው ይቀጥላል፣ ተመልካቹ ይተርፋል። ስለ ጨረቃዋ የሚጨነቅ የለም። እኛ አንባቢዎችም ገጹን ገልጠን አልፈናል።

ከሦስት ዓመት በኋላ በሚደረገው ውድድር ጃኪ ቹን ፊት በሁለት እግሩ የቆመ ተኩላ ይደቀናል። ቂም ይዟል። ለካስ ይህ ሰው-ተኩላ ሳይሆን ተኩላ-ሰው ነው፤ በተፈጥሮው ተኩላ ሆኖ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ሰው የሚሆን። በጃፓንኛ መጠሪያውም የተለመደው የሰው-ተኩላ ስም ተገልብጦ የተጻፈ ነው። ጨረቃዋ ከጠፋች ወዲህ ታዲያ አንድም ቀን ሰው ሆኖ አያውቅም።

በፍልሚያው ለሽማግሌው የሚበቃ አይደለም፤ ይሸነፋል። ሽማግሌው ግን ዝም ብሎ አልሄደም። ቤተ መቅደስ ያደገውንና አናቱን የተላጨውን ክሪሊንን ይጠራና ጀርባውን አዙሮ ያቆመዋል። ከዚያ ተኩላውን በዓይኑ አፍዝዞ «ይህች ሙሉ ጨረቃ ናት» ይለዋል። ተኩላው በሚያብረቀርቀው መላጣ ላይ አፍጥጦ... ሰው ሆነ።

ለእኔ ቀልዱን ቀልድ የሚያደርገው መላጣው ብቻ አይደለም። በጀብድ ታሪክ ጀግኖች ከተማ ያፈርሳሉ፣ ተራራ ይንዳሉ፤ ሒሳቡን የሚጠይቅ አይመጣም። እዚህ ግን አንድ ተራ ፍጡር መጥቶ «ባጠፋኸው ነገር የተጎዳሁት እኔ ነኝ» ይላል። ጭራቁ አቤቱታ አለው፤ አቤቱታውም ትክክል ነው። በዳዩም ጉዳቱን ይክሳል፣ ምንም እንኳ ካሣው የሰው አናት ቢሆን።

በእኛ አገር ቅርጹን የሚለውጠው ጅብ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በቤተ እስራኤል ላይ ምን ያህል መገለል እንዳደረሰ የታወቀ ነው። በእነዚያ ወሬዎች ውስጥ ጅብ ሆነ የተባለው ሰው ራሱ ሲናገር እምብዛም አንሰማም፤ የሚናገሩት ሌሎች ናቸው። ቶሪያማ ተኩላውን ሲያናግረው የምንፈራው ነገር የለንም፤ እንዲያውም እናዝንለታለን።

የጨረቃዋ ነገር በዚህ አላበቃም። በኋላ የምድሪቱ ጠባቂ መልሶ ያበጃታል። ዓመታት አልፈው የጎኩ ልጅ ጎሃንም እንደ አባቱ ዝንጀሮ ሲሆን፣ ፒኮሎ የሚባለው ተዋጊ በሮሺ ዘዴ እንደገና ያጠፋታል። በዚያ ምድረ በዳ አቤት የሚል ተኩላ አልነበረም።