ስለ ተራ መለወጥ

ልጆች ሆይ፤ ብዙ ሰዎች አንድ ነገር ሲፈልጉ፥ ነገሩም ለሁሉ በአንድ ጊዜ የማይበቃ ሲሆን፥ ያለ ጠብ የሚካፈሉበት መንገድ ተራ ይባላል። ከምንጭ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች እንስራቸውን በተራ ያስቀምጣሉ። ወደ ወፍጮ ቤት እህል የሚያመጡም በተራ ያስፈጫሉ። ተራ ባይኖር ኖሮ ጉልበተኛው ሁልጊዜ ፊተኛ፥ ደካማው ሁልጊዜ ኋለኛ በሆነ ነበር።

ነገር ግን ተራ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሊለወጥ ይገባዋልን? ቢለወጥስ መቼና በምን ምክንያት ነው? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ወዳጆች የሚጣሉት በዚህ ነው። ስለዚህ አስቀድመን የገበሬዎችን ልማድ፥ ከዚያም በኋላ የልጆችን ጨዋታ አይተን መልሱን እንፈልግ።

በምሥራቅ ጐጃም፥ በብቸናና በሞጣ አገር፥ ገበሬው ጤፍ ይዘራል። የአጨዳ ጊዜ ሲደርስ የአንድ ሰው ጉልበት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ወንፈል ይገባሉ። ወንፈል ማለት ዛሬ ሁሉም ተሰብስበው የአንዱን ማሳ ያጭዳሉ፥ ነገ የሁለተኛውን፥ ከነገ ወዲያም የሦስተኛውን ያጭዳሉ ማለት ነው። ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ ሄዶ በጉልበቱ ይከፍላል፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳልና።

እንግዲህ የሦስተኛው ሰው ጤፍ ከሁሉ በፊት ቢደርስ፥ ዝናምም ቢያስፈራ፥ ምን ይደረጋል? የደረሰ ጤፍ ሳይታጨድ ቢቆይ ፍሬው ይረግፋል። በዚህ ጊዜ አስተዋዮች የሆኑ ገበሬዎች ተሰብስበው ይነጋገራሉ። የፊተኛውን ባለ ተራ ይለምኑታል፤ እርሱም ሲፈቅድ የሦስተኛውን ማሳ ያስቀድማሉ። የፊተኛው ሰው ቀን ግን አይጠፋም፤ በማግሥቱ ይመለስለታል።

በዚህ ነገር ውስጥ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። መጀመሪያ፥ ተራው የተለወጠበት ምክንያት በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የደረሰውን ጤፍ ሁሉም ያየዋልና። ሁለተኛ፥ ለውጡ ሥራው ሳይጀመር ተነግሯል። ሦስተኛ፥ ተራውን የለቀቀው ሰው ብድሩን ያገኛል። እነዚህን ሦስት ነገሮች በልባችሁ ያዙ፤ በጨዋታም ውስጥ እንደ ገና እናገኛቸዋለን።

በአገራችን በዱላና በኳስ ከሚጫወቱት ጨዋታ ሁሉ የታወቀው ገና ነው። በልደት በዓል ሰሞን ጎልማሶችና ልጆች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ድቡልቡሏንም ኳስ እየመቱ ይሽቀዳደማሉ። ወገን የሚለዩበት ልማድ እጅግ መልካም ነው። ሁለት አለቆች ይመረጣሉ። ሌሎቹም በጉልበትና በፍጥነት የሚተካከሉ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ አለቆቹ ይመጣሉ። አንዱ አለቃ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ የቀረው ለሌላው አለቃ ይሆናል። ሁለቱ ልጆች ማን ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድመው አያውቁም፤ ስለዚህ ብርቱው ከደካማ ጋር ቢጣመር ምን እንደሚጠቀም አያውቅም። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ወገኖች የተመጣጠኑ ይሆናሉ።

ነገር ግን በገና ጨዋታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ኳሷ ይሮጣል እንጂ የመምታት ተራ የለም። ተራ ዋና ነገር የሆነበት ሌላ የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ፤ ስሙም ሶፍትቦል ይባላል።

ሶፍትቦል የተጀመረው በአሜሪካ አገር፥ በሺካጎ ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓመት ነው። በዚያን ቀን ሰዎች በአንድ የጀልባ ማኅበር ቤት ተሰብስበው ሳለ አንዱ የቡጢ ጓንት ወረወረ፥ ሌላውም በበትር መልሶ መታው። ከእነርሱ ጋር የነበረ ጆርጅ ሃንኮክ የሚባል ሰው ይህን አይቶ ጓንቱን በገመድ አስሮ እንደ ኳስ አደረገው፤ የጨዋታውንም ሕግ አወጣ። መጀመሪያ በቤት ውስጥ ይጫወቱት ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ሜዳ ወጣ። የስሙ ትርጓሜ ለስላሳ ኳስ ማለት ነው፤ ሆኖም የዛሬው ኳስ ጠንካራ ነው፤ ዙሪያውም 30 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። በ1996 ዓመት በአትላንታ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር የሴቶች ጨዋታ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ።

አጨዋወቱም እንዲህ ነው። አንደኛው ወገን ይመታል፥ ሁለተኛው ወገን በሜዳው ተበትኖ ኳስ ይይዛል። ወርዋሪው እጁን ከታች እያወዛወዘ ኳሱን ወደ መቺው ይወረውራል። መቺው ከመታ በኋላ ወደ አንደኛው ማረፊያ ይሮጣል፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው፥ ወደ ሦስተኛውም። ዞሮ ወደ ተነሣበት ስፍራ በደኅና ቢመለስ ለወገኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ሦስት መቺዎች ከጨዋታ ሲወጡ ወገኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ልጆቹ የሚመቱት በተራ ነው። አለቃው ጨዋታው ሳይጀመር ስማቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጽፋል፥ ጽሕፈቱንም ለዳኛው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ይህ ተራ አይገለበጥም። አንድ ልጅ ያለ ተራው ቢመታ፥ ተቃራኒዎቹም በጊዜው ለዳኛው ቢያመለክቱ፥ ተራው የነበረው ልጅ ከጨዋታ እንደ ወጣ ይቈጠራል። ደግሞም ወገኑ ቦታ ለውጦ ሁለተኛ ለመምታት ሲመለስ፥ የሚጀምረው ከፊተኛው ልጅ አይደለም፤ ባለፈው ጊዜ ከመጨረሻው መቺ ቀጥሎ ያለው ልጅ ይጀምራል። እንዲህም ሲሆን የማንም ተራ አይጠፋም።

ብዙ ልጆች በተራው መጀመሪያ መሆን ከሁሉ የሚበልጥ ክብር ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አለቃው ዓይኑ የተሳለውንና እግሩ የፈጠነውን ልጅ ያስቀድማል፤ ወደ ማረፊያው ቶሎ ይደርሳልና። ክንደ ብርቱውን ልጅ ግን ብዙ ጊዜ አራተኛ ያደርገዋል። ይህስ ስለ ምን ነው? ብርቱው ልጅ አስቀድሞ ቢመታ ማረፊያዎቹ ባዶ ናቸውና ራሱን ብቻ ያመጣል። አራተኛ ሆኖ ቢመታ ግን ከፊቱ የቆሙትን ባልንጀሮቹን ሁሉ ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል። እንግዲህ ስፍራ የተለየው በሥራ እንጂ በማዕረግ አይደለም።

ሆኖም አንድ ችግር አለ፤ እርሱንም በቍጥር እንመልከተው። የብቸና ልጆች ከሞጣ ልጆች ጋር ሶፍትቦል ይጫወታሉ እንበል። በእያንዳንዱ ወገን 12 ልጆች አሉ፤ ሁሉም በተራ ይመታሉ። በአንድ ጨዋታ አንዱ ወገን 30 ጊዜ የመምታት ተራ ቢያገኝ፥ 12 ልጆች ሁለት ሁለት ጊዜ ሲመቱ 24 ይሆናል፥ 6 ይተርፋል። ያን የተረፈውን የሚወስዱት የመጀመሪያዎቹ 6 ልጆች ናቸው። ስለዚህ እነርሱ ሦስት ሦስት ጊዜ፥ የኋለኞቹ 6 ልጆች ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታሉ።

አለቃው ይህን ተራ ሳይለውጥ አራት ጨዋታ ቢያጫውት፥ የፊተኞቹ ልጆች እያንዳንዳቸው 12 ጊዜ፥ የኋለኞቹ 8 ጊዜ ብቻ ይመታሉ። ኋለኛው ልጅ መምታትን ሳይለምድ ይቀራል፤ ስላልለመደም እንደ ገና ኋለኛ ይደረጋል። በመጨረሻም እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም ብሎ ዱላውን ጥሎ ይሄዳል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ያነሰው የተሰጠው ተራ ነው።

አለቃው ግን በሁለተኛው ጨዋታ ከሰባተኛው ልጅ ቢጀምር ነገሩ ይቃናል። በሁለቱ ጨዋታ እያንዳንዱ ልጅ 5 ጊዜ፥ በአራቱ ጨዋታ 10 ጊዜ ይመታል። እርግጥ በዚህ ምክንያት አንድ ጨዋታ ሊሸነፉ ይችላሉ። ለትልልቅ ሰዎች ውድድር ድል ዋና ነገር ሊሆን ይችላል፤ ልጆች የሚጫወቱት ግን ሊማሩ ነው። በአንድ ዓመት 12 መቺዎችን ያስተማረ አለቃ፥ 6 መቺዎችን ብቻ ይዞ ካሸነፈው አለቃ ይልቅ ለወገኑ ብዙ ሀብት አተረፈለት።

እንግዲህ የወንፈልን ሦስት ነገሮች እናስታውስ። ተራ የሚለውጥ አለቃ ምክንያቱን ለሁሉ ይግለጥ። የዘመዱን ልጅ ለማስደሰት፥ ወይም ትናንት የተሳሳተውን ልጅ በቍጣ ለመቅጣት ተራ አይለውጥ። የለውጡን ነገር ጨዋታው ሳይጀመር ይናገር፤ ዱላውን ከያዘ ልጅ እጅ አይንጠቅ። ዛሬ ወደ ኋላ የሄደው ልጅ መቼ ወደ ፊት እንደሚመለስም ጽፎ ያሳይ። ያልተጻፈ ብድር ይረሳልና።

ተራው ለተለወጠበት ልጅም ምክር አለን። በሜዳ መካከል አትጩህ፥ አታኩርፍም። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ አለቃህ ቀርበህ፥ ጌታዬ፥ ተራዬ የተለወጠው ስለ ምንድር ነው? ምን ባሻሽል ይሻለኛል? ብለህ በትሕትና ጠይቅ። ጥያቄ ድፍረት አይደለም። አለቃውም እውነተኛ ከሆነ ምክንያቱን ሳያፍር ይነግርሃል። ወደ ፊት የተደረግህ ልጅ ደግሞ ስፍራውን እንደ ርስትህ አትቍጠረው፤ የባልንጀራህ ብድር በእጅህ እንዳለ አስብ።

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ በሜዳ ተራ የምትጠብቁ፥ ነገ አድጋችሁ የውሃ፥ የመሬትና የሥራ ተራ ትለያላችሁ። በዚያን ጊዜ ኋለኛ ሆኖ የሚጠብቀውን ሰው ቍጠሩት። የእርሱ ተራ ሲደርስ ነገሩ ሳያልቅ ቢገኝ፥ ተራችሁ እውነተኛ ነበረ ማለት ነው።

ጥያቄ።

1. ወንፈል ምንድር ነው? በወንፈል ተራ የሚለወጠውስ መቼ ነው?

2. በሶፍትቦል ክንደ ብርቱው ልጅ ብዙ ጊዜ አራተኛ የሚሆነው ስለ ምንድር ነው?

3. አንድ ወገን 10 ልጆች ቢኖሩት፥ በአንድ ጨዋታም 25 ተራ ቢያገኝ፥ ስንት ልጆች ሦስት ጊዜ ይመታሉ? በሁለተኛው ጨዋታስ ከስንተኛው ልጅ መጀመር ይገባል?

4. ተራው የተለወጠበት ልጅ አለቃውን እንዴት አድርጎ ይጠይቅ?