ለዋጋ ሰሌዳ የትኛው ቲቪ ይሻላል? ኦሌድ፣ ኪውሌድ ወይስ ተራው ኤልኢዲ

ዛሬ ከቡናና ሰሊጥ ዋጋ ወጣ ብለን ዋጋው ስለሚታይበት ስክሪን እናውራ። የኒውዮርክን የቡና ዋጋና የራሳቸውን መግዣ ዋጋ በቢሮ ወይም በመረከቢያ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ማሳየት የሚፈልጉ ዩኒየኖችና ላኪዎች "የቱን ቲቪ እንግዛ?" ይላሉ።

አጭሩ መልስ፦ ቀኑን ሙሉ ሰንጠረዥ ለሚያሳይ ስክሪን ኦሌድ አትግዙ።

አንድ የማውቀው ዩኒየን "ምርጡን አምጡ" ብሎ ውድ ኦሌድ አስገዛ። ምስሉ በእውነት ያምራል። ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚታይበት ያው የዋጋ ሰንጠረዥ ነበር። ዓመት ሳይሞላው መስመሮቹና "ደረጃ 1፣ ደረጃ 2" የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ታትሞ ቀረ። የሰንጠረዡን አቀማመጥ ሲቀይሩት አሮጌው ጽሑፍ ከአዲሱ ቁጥር ስር እንደ ጥላ ይታያል። አንድ አዛውንት አባል "የኛ ዋጋ የቱ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ሻጩ ደግሞ "ይሄ በዋስትናው አይሸፈንም" አለ። የወጣው የአባላት ብር ነው።

ለምን ሆነ? ኦሌድ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፤ ባበራች ቁጥርም ትደክማለች። ፊልም ሲታይ ምስሉ ስለሚለዋወጥ ድካሙ ይከፋፈላል። ሰንጠረዥ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ ስክሪኑ ሙሉ ነጭ ሲሆን ኦሌድ ብርሃኑን ይቀንሳል። የኛ የዋጋ ወረቀት ደግሞ አብዛኛው ነጭ ነው።

ኤልኢዲ የሚባለው በውስጡ ኤልሲዲ ነው፤ ከጀርባው ወይም ከጠርዙ መብራት አለው። ጽሑፍ ታትሞ የመቅረት ችግሩ በጣም ያነሰ ነው። የጀርባ መብራቱ ቢቃጠል ጠጋኝ ይቀይረዋል፣ ሙሉ ስክሪን አያስገዛም።

ኪውሌድም ያው ኤልሲዲ ነው፤ ቀለሙና ድምቀቱ ተሻሽሏል። ስሙ ከኦሌድ በአንድ ፊደል ስለሚለይ ሻጭ እንዳያምታታችሁ። ፀሐይ የሚገባበት አዳራሽ ካላችሁ ጭማሪው ያዋጣል፤ ለጨለምለም ያለ ቢሮ ግን ተራው ይበቃል።

ፕላዝማስ? ከትምህርት ቤቱ "ፕላዝማ" ጀምሮ ጠፍጣፋ ቲቪን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ለምደናል። እውነተኛውን ፕላዝማ ግን ፓናሶኒክ በ2013፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ማምረት አቁመዋል። እሱም እንደ ኦሌድ ጽሑፍ ይታተምበታል፣ መብራትም ይበላል። "አዲስ ፕላዝማ" ካሏችሁ በደንብ ጠይቁ።

ስትገዙ እነዚህን አትርሱ፦

1. የራሳችሁን የዋጋ ሰንጠረዥ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቅ ውስጥ የሚታየው የአበባና የባሕር ቪዲዮ ሁሉንም ቲቪ ያሳምራል።

2. ገበሬው የሚቆምበትን ያህል ርቃችሁ ቁጥሩን አንብቡ። 43 ኢንች ቁመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 55 ኢንች 68 ገደማ ነው። 20 መስመር ብትጽፉበት በ55ቱ ላይ ለአንዱ መስመር 3.4 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል።

3. ከጎን ቆማችሁም እዩት። አይፒኤስ የሚባለው ፓነል ከጎን ሲታይ ብዙም አይደበዝዝም፤ ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ይበልጣል፣ ከጎን ግን ይገረጣል። ለአዳራሽ አይፒኤስ ይመረጣል።

4. ዋስትናው ለድርጅት አገልግሎት ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ የቤት ቲቪ ዋስትና ለንግድ ቦታ አይሠራም። ሌሊትና ቀን የሚበራ ከሆነ ለንግድ ማሳያ ተብሎ የተሠራውን ስክሪን ፈልጉ።

5. ስታቢላይዘር በበጀቱ ውስጥ አስገቡ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀድሞ የሚመታው ቲቪው ነው።

6. ወደ ክልል ስትጭኑት አቁማችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አትውሰዱት።

በኦሌድና በኤልኢዲ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ደግሞ ተጨማሪ የእርጥበት መለኪያ ወይም ሚዛን ግዙበት። ገበሬው የሚፈልገው የዛሬውን ዋጋ በግልጽ ማንበብ ነው።

ኦሌድ ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ጀርባውን ጥቁር አድርጉት፣ የሰንጠረዡን ቦታ ቶሎ ቶሎ ቀያይሩ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት አጥፉት።

ለዩኒየናችሁ ግዢ ክፍል ሼር አድርጉት። መልካም ገበያ!