ሚዛንና ተመዛኝ

ሚዛን የዳኛ ወንድም ነው። ዳኛ ቢያደላ የሚጐዳው አንዱ ባለጉዳይ ነው፤ ሚዛን ቢያደላ ግን በዚያ ሚዛን የሚገበያየው ሕዝብ ሁሉ ይጐዳል። ቅዱሳት መጻሕፍት ሐሰተኛውን ሚዛን አጥብቀው መከልከላቸው ስለዚህ ነው። ዛሬ ግን በሚዛን ላይ የሚወጣው እህልና ቅቤ ብቻ ሳይሆን መንግሥታትም ጭምር ሆነዋል።

የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. ከጄኔቫ ባወጣው የፈጠራ ደረጃ መዝገብ ከተመዘኑት 133 አገሮች ስዊዘርላንድ አንደኛ ስትሆን ኢትዮጵያ 130ኛ ሆናለች። ከዚያ ቀደም በ2019 ዓ.ም. የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በተወዳዳሪነት ከ141 አገሮች 126ኛ፥ የዓለም ባንክም በንግድ አመቺነት ከ190 አገሮች 159ኛ አድርገዋት ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ያፍራል፤ አንዱ ይቈጣል፤ ሦስተኛው ግን ምን ቢሠራ አገር እንደሚለማ ትቶ ምን ቢጻፍ ቍጥሩ እንደሚሻሻል ይመረምራል። ከሦስቱ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የሕዝብ ሥራ በእጁ ያለ እንደ ሆነ ይልቁንም ያሰጋል።

የሚዛንን እውነተኛነት ለመመርመር ከገበያ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በአራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጃን ሜዳ ለጥምቀት በዓል እንዲለቀቅ ሲባል ወደ ኃይሌ ጋርመንት እስኪዛወር ድረስ የከተማው ጓዳ ነበረ። የመቂና የዝዋይ ቲማቲም፥ የአርባ ምንጭ ሙዝ ሌሊት በመኪና ገብቶ ሲነጋ በቸርቻሪው እጅ ይገኝ ነበር። በዚያ ስፍራ ቲማቲም በሣጥን የሚገዛ ብልህ ሰው ዋጋ ከመቍረጡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሚዛኑን የያዘው ማን ነው? የሣጥኑ ክብደት ተቀንሷልን? የሣጥኑ ሥርስ እንደ ላዩ ነውን? የአገሮችን ደረጃ የሚያነብ ሹምም እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ አይሳሳትም።

ሚዛኑን የያዘው ማን ነው? የዓለም ባንክ የንግድ መዝገብ ለብዙ ዘመን እንደ ፍርድ ቃል ይታይ ነበር። በኋላ ግን በ2018 እና በ2020 መዝገቦች ውስጥ ቍጥር መለወጡ ተደረሰበት፤ ቻይና 85ኛ መሆን ሲገባት 78ኛ ተብላ መጻፏም ታወቀ። ባንኩም በ2021 ዓ.ም. መዝገቡን ጨርሶ አስቀረው። በአንጻሩ የፈጠራው መዝገብ አዘጋጆች የየአገሩ ደረጃ ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል ብለው ወሰኑን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ አንባቢው ግን ወሰኑን ትቶ ቍጥሩን ብቻ ይዞ ይሮጣል።

የሣጥኑ ክብደት ተቀንሷልን? ፈጠራ የሚቈጠረው በአብዛኛው በወረቀት፥ ይልቁንም ፓተንት በሚባለው የባለመብትነት ጽሑፍ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት ተሰጥቶት ነበር። በሔግ የሚገኘው ፍርድ ቤት አዲስ የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ በሆላንድ ምድር የሻረው በ2018 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ በመዝገብ የተጻፈው ባለቤት ሆላንዳዊው እንጂ ጤፍን ከጥንት ጀምሮ ስታበጥርና ስታቦካ የኖረችው የኢትዮጵያ ባለሙያ ሴት አልነበረችም። እንደዚሁም መዝገቡ የባንክን ብድር ይቈጥራል፤ የአትክልት ተራን ነጋዴ ያቋቋመውን እቁብና ያለ ፊርማ በቃል ብቻ የሚሰጠውን ዱቤ ግን አያውቀውም።

የሣጥኑ ሥር እንደ ላዩ ነውን? የንግዱ መዝገብ ኢትዮጵያን የመዘነው በአዲስ አበባ ብቻ ነበር። የፎገራ ሽንኩርት አምራችም ሆነ የአርባ ምንጭ ሙዝ ነጋዴ ምን እንደሚያውከው ሳይጠየቅ፥ የዋና ከተማው ነገር ለሁሉም መልስ ሆኖ ተጻፈ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ተመዛኙ ሚዛኑን እየከሰሰ እንዲቀመጥ አይደለም። ቲማቲሙ የበሰበሰበት ነጋዴ ሚዛኑን ቢሰብር ቲማቲሙ አይድንለትም። ቀዝቃዛ መጋዘን በማጣት በመንገድና በገበያ የሚበላሸው ፍሬ የባዕድ ስም ማጥፋት አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት አባሎች ከዓመታዊ ምርታቸው 1 ከመቶ ለምርምር ለማውጣት በዚሁ በአዲስ አበባ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ተስማምተው ነበር፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙዎቹ ከዚያ ልክ ሳይደርሱ ቈይተዋል። መዝገቡ ይህን ሲያሳይ እውነት ይናገራልና ሊሰሙት ይገባል።

እንግዲህ አስተዋይ ሹም ከመዝገቡ ጠቅላላውን ቍጥር ሳይሆን ዝርዝሩን ያነባል፤ እውነት የሆነውን ጕድለት ለይቶ ያርመዋል፤ ያልተመዘነውን ሀብት ደግሞ በማስረጃ ጽፎ ያቀርባል። ለዚህ ግን አስቀድሞ ራስን መቍጠር ያስፈልጋል። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ጕዟቸውን ከመቀጠላቸው በፊት በየነገዳቸውና በየቤተ ሰባቸው እንደ ተቈጠሩ የኦሪት ዘኍልቍ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብና ቤት በመላ አገሪቱ የተቈጠረው በ1999 ዓ.ም. ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ ቀጠሮው ሲተላለፍ ኖሯል። የገዛ ጐተራውን ያልሰፈረ ገበሬ እህሉ ስንት ቍና እንደ ሆነ ከጎረቤቱ ይሰማል፤ ጎረቤቱ ቢያጐድልበትም የሚከራከርበት ቃል የለውም።